ዱላ አያያዝ ከመጽሐፍ

ገና ለመጫወት ብሎ መጽሐፍ የገዛ ሰው አላውቅም። በደብረ ወርቅም ሆነ በቢቸና፣ በሞጣም ሆነ በዲማ፣ ልጅ በትር አያያዝ የሚማረው ታላቅ ወንድሙ ሲይዝ እያየ ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ከተገኘ፣ ሩሯ ከተድበለበለች፣ አዝመራው ተነሥቶ ሜዳው ከተለቀቀ፣ የቀረው ትምህርት እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ቁርጭምጭሚቱን የተመታ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት የት መቆም እንደሌለበት ያውቃል። «ምዕራፍ አንድ፤ የበትር አጨባበጥ» ብሎ የጻፈለት የለም። ደንቡም፣ ስልቱም፣ ተሸናፊው የሚሰደብበት ግጥምም ሳይቀር ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከክንድ ወደ ክንድ ሲተላለፍ ነው የኖረው።

ጎልፍም እንግዲህ ዱላና ኳስ ነው። ዱላው ጫፉ ላይ ይቆለመማል፤ ኳሷ ትንሽ ናት። ልዩነቱ ኳሷን ባላጋራ መጥቶ አይነጥቅህም። ሣር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቅሃለች። አሥራ ስምንት ጉድጓዶች አሉ፤ ኳሷን በየተራ እነዚያ ጉድጓዶች ውስጥ ለመክተት ጥቂት ጊዜ የመታ ያሸንፋል። ጎበዙ ዙሩን በ72 ምት አካባቢ ይጨርሳል፤ ተራው ሰው ከመቶ በታች ከገባ ጓደኞቹን ይጋብዛል። ክፉው ነገር ያ የኳሷ መጠበቅ ነው። በገና ሩር እየሮጠች ስለምትመጣ ለማሰብ ጊዜ የለህም፤ ወይ ትመታታለህ ወይ ትመታሃለች። በጎልፍ ግን አጎንብሰህ ታያታለህ፣ ታይሃለች፤ በዚያች ዝምታ መካከል «ክርኔ ትክክል ነው? እግሬን አብዝቼ ከፍቼው ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ይገባል። መጽሐፍ ሻጩ የሚኖረው በዚህች ጥርጣሬ ነው። ስለ ጎልፍ አጨዋወት የተጻፈው መጽሐፍ ብዛቱ የጉድ ነው፤ አሁንም በየዓመቱ ይጻፋል።

አንተ ደግሞ እዚህ ወሬ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጎልፍ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ በእንግሊዝ ኤምባሲ አጥር ውስጥ ያለ ሣር ነው፤ ወይም አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሰፈር የሚገኝ ክለብ ነው። እኔም የጎልፍ ዱላ ጨብጬ አላውቅም። ጉዳዩን ያመጣብኝ የደብረ ወርቅ ልጅ፣ አብሮ አደጌ ነው። አሜሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ጎልፍ ጀመረ። ጀመረና አልሆነለትም። ባለፈው ለዘመድ ጥየቃ ሲመጣ ስድስት መጽሐፍ ተሸክሞ ቤቴ ድረስ መጣ።

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ የሰው መጽሐፍ ስታብጠለጥል የኖርክ ሰው ነህ» አለኝ። «እስቲ እነዚህን መዝንልኝ። ሁሉንም አንብቤያቸው ጭራሽ ባሰብኝ። የቱን ይዤ የቱን ልጣል?»

«እኔ ጨዋታውን አላውቀው!»

«ልብ ወለድ ሳትጽፍ ልብ ወለድ ስታስተምር አልነበር እንዴ?»

ይቺ ወጋ የምታደርግ ነገር ስለሆነች መጻሕፍቱን ተቀበልኩ። አንድ ክረምት አነበብኳቸው። ያነበብኳቸው እንደ ተጫዋች ሳይሆን እንደ አንድ ዘውግ ነው፤ አስተማሪ መጽሐፍ የሚባለው ዘውግ የራሱ ተረክ፣ የራሱ ገጸ ባሕርይ፣ የራሱ ውሸት አለው።

መጀመሪያ ያነሣሁት ቤን ሆገን የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተመውን «አምስት ትምህርቶች» ነው። ይሄ ሰው በጎልፍ ዓለም እንደ መምህረ መምህራን የሚታይ ነው። በድህነት ያደገ፣ በልጅነቱ የሀብታሞችን የጎልፍ ዱላ እየተሸከመ የኖረ፣ ገና በ17 ዓመቱ ጨዋታውን መተዳደሪያው ያደረገ ሰው ነው። እንዲህም ሆኖ ብቻውን የመጀመሪያውን ትልቅ ውድድር እስኪያሸንፍ ድረስ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ዳግም መራመዱ እንኳ ሲያጠራጥር፣ በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካን ሻምፒዮና አሸነፈ። እንዲህ ያለ ሰው «ላስተምርህ» ሲል ማን ጆሮውን ይነፍገዋል?

መጽሐፉ ግሩም ነው። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስለ ጣት ብቻ ይናገራል፤ የትኛው ጣት ይጠብቅ፣ የትኛው ይላላ። አንቶኒ ራቪዬሊ የሚባል ሠዓሊ የሣላቸው ሥዕሎች አሉበት፤ ከሁሉም የምትታወቀው ተጫዋቹ ከኳሷ ተነሥቶ ትከሻው ላይ የተጋደመ ሰፊ መስተዋት አንገቱ ላይ አጥልቆ የቆመባት ናት። ዱላህን ስታነሣ መስተዋቱን እንዳትሰብረው ነው ነገሩ። አንዴ ያያት ሰው አይረሳትም። መመሪያን ወደ ምስል መለወጥ ማለት ይሄ ነው፤ አሥር ገጽ ማብራሪያ ያቺን አንዲት መስተዋት አያህልም።

ታዲያ አብሮ አደጌን ያባሰበት ይኸው መጽሐፍ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ የሰውየውን ሕይወት ማንበብ ያስፈልጋል። ሆገን ዕድሜውን ሙሉ ሲታገለው የኖረው ደዌ ኳሷ ወደ ግራ የምትጠመዘዝበት ደዌ ነበር። አጨባበጡን ሁሉ ያበጀው ይህንን ለመፈወስ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ግን የሚሰቃየው በተቃራኒው ነው፤ ኳሱ ወደ ቀኝ ትሄድበታለች። ወደ ግራ እንዳይሄድ የተቀመመውን መድኃኒት ወደ ቀኝ የሚሄድ ሰው ሲጠጣው ምን ይሆናል? ይጠፋል እንጂ ምን ይሆናል! ሆገን አልዋሸም። ያዳነውን ነገር ነው በቅንነት የነገረን። ብቻ የራሱን በሽታ የሰው ልጅ ሁሉ በሽታ አድርጎ ጻፈው፤ መካከለኛ ጉልበትና ቅልጥፍና ያለው ማንኛውም ሰው ዙሩን ከ80 ምት በታች ሊጨርስ እንደሚችልም ተስፋ ሰጠ።

አስተማሪ መጽሐፍ ስመርጥ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይቺ ሆናለች፤ ጸሐፊውን አሞት የነበረው ምንድን ነው? ይህን ሳታውቅ የሐኪም ማዘዣ ተውሰህ መድኃኒት ቤት አትሄድም።

ሁለተኛው ሃርቪ ፔኒክ ነው። ይሄኛው እንኳን አስተማሪ፣ አባ መምህር ነው ማለት ይቻላል። ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ፣ በስምንት ዓመቱ ዱላ ተሸካሚ ሆኖ ክለብ ገባ፤ ጎልማሳ ሆኖ እዚያው ሲያስተምር አረጀ። ያየውን በአንዲት ቀይ ደብተር ይጽፍ ነበር፤ ለማንም ሳያሳይ ስድሳ ዓመት ያህል። ዕድሜው ከሰማንያ አምስት ካለፈ በኋላ ባድ ሽሬክ ለሚባል ደራሲ አሳየው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 «ትንሿ ቀይ መጽሐፍ» ታተመች። ተአምሩ መጽሐፏ ምዕራፍ የላትም ማለት ይቻላል። አንድ ገጽ፣ ግማሽ ገጽ፣ አንዳንዴም አራት መስመር፤ አንዲት ሴትዮ መጥታ ምን እንዳለችው፣ አንድ ወጣት ምን አጥፍቶ ምን እንደተባለ። ምክሩ የመድኃኒት ያህል እየተለካ የሚወሰድ መሆኑን፣ ትንሽ የሻለው ሰው አብዝቶ ከወሰደ እንደሚታመም ራሱ ሽማግሌው ያስጠነቅቃል። ይሄ ሰው በወረቀቱ ማዶ ያለውን አንባቢ እንደማያየው ያውቃል፤ ስለዚህም ይፈራለታል። ከስድስቱ መጻሕፍት ውስጥ አንባቢውን የፈራለት እሱ ብቻ ነው።

ከፔኒክ ልማዶች አንዱ ግን አከራከረኝ። ቶም ካይትና ቤን ክሬንሾ የሚባሉ ሁለት ልጆችን ከትንሽነታቸው ጀምሮ አስተምሮ ለትልቅ ደረጃ አብቅቷቸዋል፤ ታዲያ አንደኛውን ሲያስተምር ሌላኛው እንዲያይ አይፈቅድም ነበር። ለአንዱ የነገረውን ሌላው ሰምቶ እንዳይሞክረው ብሎ ነው። እኛ ዘንድ የቅኔ ጉባኤ እንዲህ አይደለም። በደብረ ወርቅ፣ በዲማ፣ በዋሸራ፣ በጎንጅ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ተማሪው ከጉባኤ ቃና፣ ከሁለት ቤቷ፣ ይጀምራል። ከዚያ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ያወጣውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። የኔታ ይሰሙና «ቤቱ አልመታም» ይላሉ፤ ወይም «ሰሙ አለ፣ ወርቁ የት ሄደ?» ይላሉ። ይሄ ሁሉ በጓደኞቹ ፊት ነው። አንዱ ሲታረም አሥሩ ይማራል። ያፈረውም ነገ ደግሞ ባልንጀራው ሲያፍር ያያል።

ማን ልክ ነው? ብዙ አሰብኩበት። ይመስለኛል ሁለቱም። የቅኔ ስሕተት የሰዋስው ስሕተት፣ የምሥጢር ስሕተት ነው፤ የአንዱ ስሕተት የሁሉም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በአደባባይ ቢታረም ያተርፋል። የገላ ስሕተት ግን የግል ነው። የአጭሩ ሰው ክርን የረጅሙ ክርን አይደለም። ሆኖም በሁለቱም ቦታ አንድ የማይቀር ነገር አለ፤ የሚያይ ሰው። የኔታ ያያሉ፣ ፔኒክ ያያል። መጽሐፍ አያይም። ገጽ አርባ ሁለት ላይ ደርሰህ እጅህ ተጣሞ ቢሆን፣ ገጽ አርባ ሦስት እንዳልተጣመመ አድርጎ ይቀጥላል።

የቅኔ መጻሕፍት ሞልተው የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አሉ እንጂ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያሰባሰቡት አለ፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ትልቁ ሰዋስው አለ፤ የአድማሱ ጀንበሬ «መጽሐፈ ቅኔ» አለ። እነዚህ ያወቀ ሰው የሚያጣጥማቸው፣ መምህር ያለው ተማሪ የሚደገፍባቸው ናቸው። እነሱን ብቻ አንብቦ ቅኔ ዘራፊ የሆነ ሰው ቢኖር ግን እኔ አልገጠመኝም። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ሲማሩ የሄዱት ከመምህር ወደ መምህር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን ያህል የቅኔ ሰው ሲያቆሙ፣ አንባቢው የሰውየውን እውቀት የሚያምነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ከየትና ከማን እንደተማረ እናውቃለን።

አንድ መጽሐፍ ግን ልዩ ቦታ አለው። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በድምፅ መቅጃ ቀድተው፣ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳትመውታል። «ቅኔ እንዲህ ትማራለህ» የሚል ትምህርት የለበትም። ያለው ሰው እንዴት እንደተማረ ነው፤ መንገዱ፣ ረኀቡ፣ መምህሩ፣ ጓደኛው። እንዴት እንደሚማሩ በአማርኛ ካነበብኳቸው ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው እላለሁ። የፔኒክን ቀይ መጽሐፍ ሳነብ ወዲያው ያስታወሰኝም እሱን ነው። በሁለቱም ዘንድ ብዙ ያየ ሽማግሌ አለ፤ በሁለቱም ዘንድ ደግሞ መስማት የሚችል ደራሲ አጠገቡ ተቀምጧል። ሆገንም ቢሆን ብቻውን አልጻፈም፤ ኸርበርት ዋረን ዊንድ የሚባል የታወቀ የስፖርት ጸሐፊ ነበረው። ስለዚህ ለአብሮ አደጌ የሰጠሁት ሁለተኛ ምክር ይሄ ነው፤ ከሽፋኑ ላይ የሻምፒዮኑን ስም ተወውና በትንሹ የተጻፈውን የሁለተኛውን ሰው ስም ፈልግ። ሻምፒዮን ብዙውን ጊዜ የሚሠራውን አያውቀውም። ክንዱ ያውቃል እንጂ እሱ አያውቅም። ጠይቆ የሚያስወጣለት ሰው ይፈልጋል።

የቀሩትን አራቱን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። የጃክ ኒክላውስ «ጎልፍ በእኔ መንገድ» (እ.ኤ.አ. 1974) ርዕሱ ሐቀኛ ነው፤ በእኔ መንገድ ነው ያለው፣ በአንተ አላለም። ዴቭ ፔልዝ ፊዚክስ ተምሮ ናሳ የሠራ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ አጭር ምት ብቻ ከ400 ገጽ በላይ ጽፎ «መጽሐፍ ቅዱስ» የሚል ስም ሰጠው። ድፍረት ነው፤ ግን ሰውየው ቆጥሯል፣ ለክቷል። ዋናው ነጥቡ ጨዋታው የሚባክነው ጉድጓዱ አጠገብ ስለሆነ ጊዜህን እዚያ አውል ነው። ይህ አባባል ለብዙ ዓመት እንደ እምነት ሲደገም ኖሮ፣ ማርክ ብሮዲ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ የባለሙያዎችን ምት ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ጎበዙን ከመካከለኛው የሚለየው በአብዛኛው ረጅሙ ምት ነው ብሎ ነገሩን ገለበጠው። አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ያለውን ሌላው በቁጥር ሻረው ማለት ነው። አብሮ አደጌ ብሮዲን አላነበበም ነበር፤ ስነግረው ራሱን ያዘ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጉድጓድ አጠገብ ሲለፋ ነበርና።

አምስተኛው ቲሞቲ ጋልዌይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ቴኒስ ጽፎ ታወቀ፤ በኋላ ወደ ጎልፍም አመጣው። ሐሳቡ የሚደነቅ ነው። ውስጥህ ሁለት ሰው አለ፤ አንዱ የሚናገር፣ አንዱ የሚሠራ፤ የሚናገረውን ዝም ካሰኘኸው የሚሠራው ሥራውን ያውቃል ይላል። ለዚህም ጨዋታ ይሰጥሃል፤ ዱላህ ወደ ኋላ ጥጉ ሲደርስ አንድ ቃል፣ ኳሷን ስትመታት አንድ ቃል በአፍህ በል፤ አፍህ ሥራ ሲይዝ ወቀሳው ይቆማል። መጽሐፍ እንደማያይ የተረዳ ሰው የጻፈው ነው፤ ዓይኑን አንባቢው ራሱ ላይ ሊተክል ሞከረ። ከፔኒክ ቀጥሎ ደረጃ የምሰጠው ለሱ ነው።

ስድስተኛው የሥነ ልቦና ባለሙያው የቦብ ሮቴላ (እ.ኤ.አ. 1995) ነው። ርዕሱ ጎልፍ የፍጹማን ጨዋታ አይደለም ይላል። ርዕሱን ማንበብ ይበቃል። ውስጡ ሻምፒዮኖች እየመጡ ተስፋ ቆርጠው ሳለ ምክር ሰምተው እንዴት እንዳሸነፉ ይተርካል፤ ተረኩ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ስሙን እየለወጠ ይመላለሳል። «በራስህ እመን» ለሻምፒዮን ጥሩ ምክር ነው፤ የሚያምንበት ነገር አለዋ! መምታት ያልቻለ ሰው በምኑ ይመን?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከጎልፍ ወጥቶ እኛ ሰፈር የሚመጣው። ከመጽሐፍ ደርዳሪዎች ፊት ቆማችሁ እስቲ ልብ በሉ። እንግሊዝኛ በሠላሳ ቀን። ሚሊየነር የሚያደርጉ ልማዶች። የመንጃ ፈቃድ ጥያቄና መልስ። በራስ መተማመንን የሚያጎለብቱ ምሥጢራት። ምሥጢር የሚለው ቃል እንዲህ የረከሰበት ዘመን አልነበረም። ሽፋኑ ላይ ክራቫት ያሠረ ሰው እጁን አጣጥፎ ፈገግ ብሏል፤ ከጀርባው ፎቅ አለ። ውስጡን ስትገልጡ ከሦስት የአሜሪካ መጻሕፍት ተቆርጦ የተሰፋ ነው፤ ባለታሪኩ ሁሉ ጆን ወይም ማርታ ነው፤ አንድም ሰው ሞጣ ደርሶ ዘይት ሲቸረችር ከስሮ አይታይም። ሮቴላ እንኳ ያያቸውን ሰዎች ነው የጻፈው። የእኛ ግን ማንን አይቶ?

ደግነቱ ሚሊየነር ልሁን ብሎ የገዛ ሰው ኪሳራው የመጽሐፉ ዋጋ ብቻ ነው። ሕይወት የሚያዝበት አስተማሪ መጽሐፍ ሌላ ነው፤ የፈተና መርጃ የሚባለው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ። ከዚህ ላይ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ምሥራቅ ጎጃምም ከዚሁ አላመለጠም። አስተማሪው ሲሄድ የሚቀረው መጽሐፉ ነው። አብሮ አደጌ መጽሐፉ ባያስተምረው ደመወዝ ከፍሎ አሠልጣኝ ይቀጥራል፤ እዚያ ያሉት ልጆች ግን የሚያይ ሰው ከሌለ የሌለ ነው።

የእኅቴ ልጅ ከደብረ ወርቅ ደውላ የጠየቀችኝ ይሄንኑ ነው። «ጋሼ፣ የሒሳብ መርጃ ሦስት ዓይነት አለ አሉኝ። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ነው። የቱ ይሻላል ይላሉ?»

ከጎልፍ መጻሕፍት ጋር አንድ ክረምት ያደረ ሰው ለዚህ ጥያቄ ዝግጁ መሆን አለበት። ሄጄ ሦስቱንም ቆሜ አነበብኳቸው፤ ሻጩ በዓይኑ እየገረፈኝ። አንደኛው ወፍራም ነው፣ ሽፋኑ ወርቃማ ነው፣ ማለፍን ያለ ጥርጥር ያረጋግጣል። አንድ ሺህ ምናምን ጥያቄ ይዟል። መልሱ መጨረሻ ላይ ተደርድሯል፤ ኤ፣ ዲ፣ ሲ፣ ሲ፣ ቢ። በቃ። ይሄ ተማሪ ፊት ቆሞ «ተሳስተሃል» ብሎ ብቻ የሚሄድ መምህር ነው። ሁለተኛው ያብራራል፤ የሚያብራራው ግን ቀላሉን ነው። ከሁለተኛው መስመር ወደ ስድስተኛው ሲዘል «እንደሚታወቀው» የምትል ቃል ድልድይ አድርጎ ነው። ልጅቱ የጠፋባት እኮ እዚያ መካከል ያለው ነው። ከአስተማሪ መጽሐፍ ውስጥ «እንደሚታወቀው» እና «ግልጽ እንደሆነው» የሚሉትን ቃላት ቆጥሩ፤ ብዙ ካገኛችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት። የሚታወቅ ቢሆን ማን ይገዛው ነበር?

ሦስተኛው ቀጭን ነው፤ ወረቀቱ የጋዜጣ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሽፋኑ ላይ ሰውም ፎቅም የለበትም። ጥያቄው ከመቶ ሃምሳ አይበልጥም። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ፣ ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደሆነ ከነገረ በኋላ «ቢ ብለሽ ከሆነ የመቀነስ ምልክቱን ረስተሻል፤ ዲ ብለሽ ከሆነ ቅንፉን ሳታባዢ ወጥተሻል» ይላል። በሴት አንቀጽ መጻፉ ገረመኝ፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ጠመኔ የጨረሰ ሰው ለመሆኑ ግን እምላለሁ። ስንት ልጅ ቅንፍ ሳያባዛ ሲወጣ አይቷል! መጽሐፍ አያይም ብያለሁ፤ ይሄኛው አይቶ የመጣ ነው። ሆገን የራሱን ሕመም ጻፈ፣ ይሄ ሰው የተማሪዎቹን ጻፈ። ዋጋው ደግሞ ከወርቃማው በግማሽ ይቀንሳል።

ለአብሮ አደጌም በዚያው ሰሞን ፍርዴን ጻፍኩለት። ፔኒክን ያዝ፤ በቀን ከሁለት ገጽ በላይ ግን አታንብብ። የሆገንን ሥዕል ተመልከት፣ ጽሑፉን ተው፤ ኳስህ ወደ ቀኝ የሚሄድ ሰው ነህና። ጋልዌይን ስትናደድ አንብበው። ሮቴላን ለማትወደው ባላጋራህ ስጠው። የቀሩትን እኔ ጋ ተዋቸው፣ መደርደሪያ ያሳምራሉ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ቀን ከፍለህ የሚያይህ ሰው ፊት ቆመህ ምታ፤ በሽታህን እሱ ይንገርህ፣ ከዚያ ወደ መጽሐፍ ትመለሳለህ። አምስት ቀን ቆይቶ መለሰልኝ። «ከፈልኩ። ሰውዬው አንዴ አይቶኝ ‹አንተ የልጅነት ጨዋታህ ምን ነበር?› አለኝ። ገና አልኩት። ‹ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ኳሷ የምትሮጥ ይመስል እያሳደድካት ነው› አለኝ።» ስድስቱም መጻሕፍት ውስጥ ይቺ የለችም። ከወዴት ትመጣለች?

የልጅቱን መርጃ መንገድ ሲከፈት በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁ። ወር ቆይታ ደወለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ገንዘብ አዋጥተው የሚያነቡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መጽሐፉን ሦስት ቦታ ቀድደው ተካፍለውታል፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ክፍላቸውን ይለዋወጣሉ። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ የሰጠኋትን ዕቃ የምትነቅፍ ስለመሰላት ነው መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ የሰማንያ አንደኛው ጥያቄ መልስ ግን ተሳስቷል» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሦስታችንም ሠራነው፤ ሁለታችን አንድ ዓይነት መጣልን፣ አንዷ የመጽሐፉ መጣላት። ተጣላን። እስኪመሽ ድረስ ተጣላን። በኋላ እሷ ራሷ ቅንፉን ሳታባዛ መውጣቷን አገኘችው። መጽሐፉም እንደሷ ነው ያረገው።»